የዱቤ መዝገብ

ሃምሳ ብር ከፈልኩኝ። ደረሰኝ ቆረጠች።
"ጫማዎን ይጥረጉ፤ ዕቃ አይነካም" አለች።

ከራስ መኮንን ድልድይ፣ ከዳገቱ ወገብ፣
በቅርስነት ገብቶ ከመንግሥት መዝገብ፣
የሠዓሊ ዘርጋው ቤት ይኸውና ቆሟል፤
በረንዳው ታድሷል፣ ጣውላው ቫርኒሽ ጠጥቷል።
በኛ መዝገብ ደግሞ ሌላ ነገር ሰፍሯል።

አስጎብኚዋ ልጅ ጉሮሮዋን ጠርጋ
ካጠናችው ጀመረች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፦
"ይህ አልጋው። ይህ ካፖርቱ። ይህም ወንበሩ ነው።
ብሩሽ ያጥብበት የነበረው ጣሳ፣ ይህም የራሱ ነው።"

የራሱስ አይደለም። ያ የኒዶ ጣሳ
ከኛ መደርደሪያ ነው በዱቤ የተነሳ።

"በሻማ ነበር የሚሥለው" አለች፣ "ጥላ ስለሚወድ።"
ጥላ ወድዶ አይደለም፤ ቆጣሪው ታሽጎ ነው፤
ሻማውን ብትፈልግ፣ ገጽ ዐሥራ ሁለት ነው።

ሱቅ ነበረው አባቴ፣ የክብሪት ቀፎ፣
ጨው ከነሳሙናው የሚያድር ተቃቅፎ፣
ከዚሁ ቤት ማዶ። ሙዘይን ይባላል።
በሩ ላይ "ዱቤ የለም" ለጥፎ ዱቤ ይሰጣል።

ጋሽ ዘርጋው ሲመጣ ሁልጊዜ ሲመሽ ነው፤
ጣቱ ሰማያዊ፣ ጢሙን ቢጫ የነካው።
ላምባ ግማሽ ሊትር፣ ሁለት ሻማ፣ ዳቦ።
"ጻፈው" ይላል ቀስ ብሎ፣ ካፖርቱን ሰብስቦ።

ጸሐፊው እኔ ነኝ፣ ሦስተኛ ክፍል፤
አባቴ ይደምራል፣ መጻፍ ግን አይችል።
ዘርጋው፦ ሻማ፣ ስሙኒ። ዘርጋው፦ ላምባ፣ ሽልንግ።
ዘርጋው፦ ዳቦ። ዘርጋው፦ ኒዶ፣ ትልቁ።
ከራሴ ስም ይልቅ የሱን ጽፌያለሁ፤
የ"ጋ"ን እግር ማስረዘም ከዕዳው ተምሬያለሁ።

በአንዱ ክረምት ታዲያ፣ ሐምሌ ሲጋመስ፣
ሠላሳ ሰባት ብር ከስሙኒ ሲደርስ፣
በብብቱ ይዞ መጣ አንድ ኮምፔርሳቶ
በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ዝናቡን ፈርቶ።
"ብር የለኝም" አለ። "ይህን ያዝልኝ።"

አባቴ ገለጠው።
ሱቃችን ነው። ማታ።
ፋኖስ። የስኳር ኬሻ።
ትንሽ ዘንበል ያለ ያባቴ ትከሻ።
ጥግ ላይ አንድ ልጅ እርሳሱን ይነክሳል፤
ሊጽፍ የነበረው ቁጥር ጠፍቶበታል።

አባቴ ዝም አለ። አየና፣ አየና፣
እንደ ሐብሐብ አንኳኳው በጣቱ። "ደህና
ጣውላ ነው" አለ።
ሁለት ምስማር መታ፣ መደርደሪያ ሆነ፤
ፊቱ ወደ መሬት፣ ጀርባው ስኳር ተጫነ።
ንቀት ይሁን፣ ከአቧራ ሊያድነው፣ ዛሬም አላወቅሁም።
"ዕዳውን ልሰርዘው?" አልኩት።
"ተወው" አለኝ። "ከሰረዝከው ነገ በምን ይመጣል?"

ስምንት ዓመት ሙሉ ከሥሩ ተቀምጬ
ቀና ባልኩ ቁጥር ራሴን አያለሁ፣ ተገልብጬ።

መንገዱ ሲሰፋ ሱቁ ፈረሰ፣ በግማሽ ቀን።
ቆርቆሮና ጣውላውን ባንድ ላይ ለቆራሌ ሰጠን።
አባቴ በዚያ ሳምንት ታሞ ተኝቶ ነበር።
እኔ ቸኩዬ ነበር።
ፊቱን ገልብጦ ያየ የለም።

ልጅቷ ከባዶ ግድግዳ ፊት ቆመች፤ ምስማር ብቻ አለበት።
"እዚህ የሚሰቀል አንድ ሥራው ጠፍቷል፤
'ባለሱቁ' ይባላል፤ ብዙ ተፈልጓል።
ጥያቄ ያለው አለ?"
ሁለት ተማሪዎች ስልካቸውን ያያሉ።
ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ምን እላለሁ?
"ስኳር ተሸከመ" እላለሁ? "በኪሎ ሄደ" እላለሁ?

እጄ ሳላዝዘው ጣሳውን ነካ፤
አፉ ላይ ቀለም አለ፣ ቀዝቃዛ ነው ለካ።
"አባባ!" አለች ልጅቷ። "አይነካም ብያለሁ!"

እውነቷን ነው።
ገና አልተከፈለም።